ከጆሮ ሥርና ከመንጋጋ ሥር ስለሚወጡ እብጠቶች

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ከጆሮው ሥር ወይም ከመንጋጋው ሥር አብጦ ሲታይ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንደኛው «ጆሮ ደግፍ ነውና በሳምንት ይለቅሃል» ይላል፤ ሁለተኛው «ንፍፊት ነው፤ የታመመ ጥርስ ይኖርብሃል» ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነቀርሳ ነው» ይላል። ከሦስቱ አንዳቸውም ዋሽተው አይደለም። እያንዳንዱ በዕድሜው ያየው አንድ በሽተኛ አለ፤ የሚናገረውም ያንን አስታውሶ ነው። ነገር ግን ከጆሮ ጫፍ እስከ አገጭ ባለው ጠባብ ስፍራ ውስጥ የምራቅ ዕጢዎች፣ የንፍፊት ዕጢዎች፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭና አያሌ የደም ሥሮች ተጠጋግተው የተቀመጡ ስለ ሆነ፣ እብጠቱ ከየትኛው እንደ ተነሣ ከውጭ አይቶ መለየት ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ ቀላል አይደለም።

በዚህ ወር ስለዚህ ጉዳይ መጻፍን የመረጥነው፣ በተለይ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቆሼና በዘነበወርቅ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብና የዚያን ሠፈር ልጆች የሚያስተምሩትን መምህራን በማሰብ ነው። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ ስሞቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዛሬ አነጋገር «ዕጢ ወጣበት» ሲባል ክፉ በሽታ ያዘው እንደ ማለት ሆኖ ይሰማል። ዕጢ ግን በመሠረቱ በማናቸውም ጤነኛ ሰው ገላ ውስጥ የሚገኝ፣ ምራቅን ወይም ላብን ወይም እንባን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «የምራቅ ዕጢህ አብጧል» ቢል፣ ገና ምን እንደ ያዘው አልተናገረም፤ የትኛው ክፍል እንዳበጠ ብቻ ነው የተናገረው። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አድርሷል። «ሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻ ስንል ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንሰርን ማለታችን ነው፤ በአንገት ላይ አብጦ የሚፈርጠውንም የአንገት ቲቢ ሕዝቡ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ሆኖም አንደኛው ለስድስት ወር መድኃኒት በመዋጥ የሚድን በሽታ ነው፤ ሁለተኛው በጊዜ ካልተደረሰበት የሚገድል ነው። «ነቀርሳ ነው» ተብሎ ተስፋ ቆርጦ በቤቱ የተቀመጠ ሰው በስድስት ወር የሚድን ሕመም ይዞ ሊሆን ይችላል። እኛ ለማንም ሰው ይህን ቃል ብቻውን መንገር ተገቢ አይደለም እንላለን። የትኛው ነቀርሳ እንደ ሆነ አብሮ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ምራቅ ዕጢዎቹ እንመለስ። ታላላቆቹ ሦስት ጥንዶች ናቸው። የመጀመሪያውና ትልቁ ከጆሮ ፊትና ሥር በመንጋጋ ጥግ ላይ የተቀመጠው ነው። ሁለተኛው ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ሥር ይገኛል። ሦስተኛውና ትንሹ ከምላስ በታች ነው። ከነዚህም በቀር በከንፈር፣ በጉንጭ ውስጥና በላንቃ የተበተኑ በመቶዎች የሚቈጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ሁሉም ተባብረው በአንድ ቀን እስከ 1 ሊትር የሚደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ምራቅ ያፈልቃሉ። ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ምራቁን ወደ አፍ የሚያወርድበት ቀጭን ቧንቧ አለው፤ አፉም በላይኛው መንጋጋ ከሁለተኛው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ትይዩ በጉንጭ ውስጥ ይከፈታል። ይህን ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ1660 በአምስተርዳም ከተማ ያገኘው ኒልስ ስቴንሰን የተባለ ዴንማርካዊ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ያገኘውም የበግ ራስ ሲመረምር ነው። በበዓል ቀን የበግ ራስ ሲበለት ያየ ሰው ሁሉ ይህን ቧንቧ ሳያውቀው አልፎት ይሆናል።

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጆሮ ደግፍን ማወቅ ነው። ይህ በሽታ ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ የሚተላለፈውም በምራቅ፣ በሳልና በማስነጠስ፣ እንዲሁም አንድ ጣሳ ተቀባብሎ በመጠጣት ነው። ልጁን በመጀመሪያ ያተኵሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ሲያኝክ ያመዋል፤ ቀጥሎም ከጆሮው ሥር ያብጣል፤ ብዙ ጊዜም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል። እብጠቱ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስሙን ያወጡት አባቶች ይህን በሚገባ ተመልክተው ኖሯል፤ በእርግጥም ጆሮውን የደገፈው ይመስላል። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ሂፖክራተስም በታሶስ ደሴት ይኸው በሽታ በወጣቶች ላይ ሲወርድ አይቶ፣ ከጆሮ እብጠት በኋላ አንዳንዶቹ የወንድ ዘር ፍሬያቸው እንደሚያብጥ ጽፏል።

ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ በሽታውን ለሌላ የሚሰጠው እብጠቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ጀምሮ፣ ከታየ በኋላም እስከ አምስት ቀን ድረስ ነው። ስለዚህ መምህሩ እብጠቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ለአምስት ቀን ልጁን በቤቱ ያሳርፈው፤ ከዚያ በላይ ከትምህርት ማስቀረት አያስፈልግም። በቤት ውስጥ ውሃ በብዛት መስጠት፣ ለማኘክ የማያስቸግር እንደ አጥሚት ያለ ምግብ ማቅረብ፣ ሎሚና ኮምጣጣ ነገር መከልከል፣ ለትኵሳቱም በጤና ባለሙያ ምክር ፓራሲታሞል መስጠት ይበቃል። ልጁ ጠንካራ ራስ ምታት ቢይዘው፣ አንገቱ ቢደርቅ፣ ደጋግሞ ቢያስታውከው ወይም ጆሮው አልሰማም ቢለው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ጎልማሳ ወንዶች የዘር ፍሬያቸው ሲያብጥ ፈጽሞ መካን የሆኑ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ፤ ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ብቻ ነው። የጆሮ ደግፍ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ተፈቅዷል። መነሻው የሆነውን ቫይረስ ሞሪስ ሂለማን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 የወሰደው ጆሮ ደግፍ ይዟት ከነበረችው ከገዛ ልጁ ጉሮሮ ነው፤ የክትባቱም ዘር እስከ ዛሬ በልጂቱ ስም ይጠራል።

ጆሮ ደግፍ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይለቃል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጎደለ እብጠት ጆሮ ደግፍ አይደለም።

ሌላው በብዛት የሚታየው በምራቅ ቧንቧ ውስጥ ጠጠር መፈጠር ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሚደርሰው ከመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ላይ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ውሎ የወጡ ሽታ ሲደርሰው ወይም የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጐርስ፣ ምራቁ ፈልቆ መውጫ ስለሚያጣ ከመንጋጋው ሥር ወዲያው ይነፋል፣ ይወጥረዋል፤ ከበላ በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጎድላል። ጠጠሩ ትንሽ ከሆነ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ ማድረግና ዕጢውን ወደ ፊት ማሸት ሊያወጣው ይችላል። መግል ከያዘና ካተኰሰ ግን የሐኪም ሥራ ነው። በዕድሜ የገፉ ወይም በሌላ በሽታ ደክመው የተኙ ሰዎች ውሃ ሳይጠጡና አፋቸው ሳይጸዳ ሲቀሩ፣ ምራቃቸው ደርቆ ከአፍ የሚነሡ ተሐዋስያን ወደ ዕጢው ይወጡና ያመግላሉ። ለአስታማሚ የምንመክረው የበሽተኛውን አፍ በየቀኑ ማጽዳትን እንዳይረሳ ነው። መፋቂያም ቢሆን ጥርስን ከማጽዳቱ በላይ ምራቅን ስለሚያፈልቅ ለዚህ ይጠቅማል።

ሁለቱም ጉንጮች ያለ ሕመም ቀስ እያሉ ሲያብጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ረጅም የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታና አልኮል ማዘውተር እንዲህ ያደርጋሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎችም ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ውሃ ቋጥሮ በሁለቱም ወገን ሊያብጥ ይችላል። ፊቱ እንዲህ የተለወጠበት ሰው «ወፈርክ» እየተባለ ይመሰገናል። ምርመራ ማድረግ ይበጀዋል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ነው።

በዕጢው በራሱ ላይ የሚበቅለው እብጠት ሰውን የሚያታልለው ስለማያም ነው። በአብዛኛው ጠንከር ያለ፣ በጣት ሲነካ የሚንቀሳቀስ፣ በዓመት ውስጥ ጥቂት ብቻ የሚያድግ ነው። ባለቤቱ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ከፍ አድርጎ እየሸፈነው አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ይኖራል። በዓለም ላይ እንደ ታየው፣ ከ100 የምራቅ ዕጢ እብጠቶች ወደ 80 የሚጠጉት ከጆሮ ሥር ባለው ዕጢ ላይ የሚወጡ ናቸው፤ ከነዚህም ከ100 ወደ 80 የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። ከመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ላይ ከሚወጡት ግን ግማሽ ያህሉ ካንሰር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከምላስ ሥርና በላንቃ ላይ ከሚወጡት ደግሞ ካንሰር የሚሆኑት ይበዛሉ። በአጭሩ ዕጢው ባነሰ መጠን እብጠቱ ብርቅ ነው፣ ሲገኝም የሚያሠጋ ነው። በላንቃው ላይ የማያም ጕብታ በምላሱ የዳሰሰ ሰው ቸል ሊለው አይገባም።

ካንሰር ያልሆነውም ቢሆን ለዘለዓለም ይተው ማለት አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ዓይነት ለብዙ ዓመታት ሲቈይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እብጠቱ በድንገት ማደግ ሲጀምር፣ ማሳመም ሲጀምር፣ ከሥሩ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ወይም በዚያው ወገን ያለው ፊት ሲዘነብል ለነገ አይባልም። የፊቱ መዘንበል ልዩ ትርጕም አለው። ዐይንን የሚከድነው፣ ከንፈርን የሚያነሣውና ግንባርን የሚቋጥረው ነርቭ ከጆሮ ኋላ ወጥቶ በዚሁ ዕጢ መካከል ያልፋል፤ በውስጡም ወደ አምስት ቅርንጫፎች ይከፈላል። ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነርቩን ይገፋዋል እንጂ በአብዛኛው አያሰናክለውም፤ ካንሰር ግን ይበላዋል።

አሁን ቆሼን ለምን እንዳነሣን እንናገራለን። ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ከተማ ቆሻሻ የተከመረበት ስፍራ ነው፤ ስሙ አየር ጤና የሚባለው ሠፈር ከዚያ እምብዛም አለመራቁ የሚገርም ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ጎጆዎች ላይ በመውደቁ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአገሪቱም የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጭ ጣቢያ በዚያው ተመርቋል። ሕዝቡ የቆሼን ሽታና ጢስ የበሽታ ሁሉ ምንጭ አድርጎ ይቈጥራል። ጢሱ ሳንባን እንደሚጐዳ አይካድም፤ የአንገት እብጠትን በሚመለከት ግን ዐይናችንን ከክምሩ መልሰን ወደ ጠባቡ ቤት ማዞር ይገባናል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተኝቶ፣ መስኮቱ ለሽታው ሲባል ተዘግቶ ሲያድር፣ ከአንዱ የሚያስል ሰው ወደ ሌላው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። በአገራችን ደግሞ ቲቢ ከሳንባ ውጭ መገኘቱ የበዛ ነው፤ በየዓመቱ ከሚመዘገቡት በሽተኞች ሢሶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ሲሆኑ፣ ከነዚህም ብዙዎቹ በአንገት ንፍፊት ላይ የያዛቸው ናቸው።

ብዙ ዘመን ይህ የአንገት ቲቢ የሚመጣው ካልተፈላ የላም ወተት ነው ሲባል ቈይቷል። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ተመራማሪዎች ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2015 የታተሙ ጥናቶች ግን ከአገራችን በሽተኞች ንፍፊት የተወሰደው ተሐዋሲ ከሞላ ጐደል ሁሉም የሰው ዓይነቱ መሆኑንና የከብቱ ዓይነት እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይተዋል። ወተት ማፍላት ለሌላም ብዙ ምክንያት ደግ ነገር ነውና አይቅር፤ ሆኖም ወተት ቀምሶ የማያውቅ የቆሼ ልጅም በአንገት ቲቢ ሊያዝ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ንፍፊቶች ስላሉ፣ ቲቢው በዚያ ሲይዝ ከዕጢው እብጠት ጋር ፈጽሞ ይመሳሰላል።

በዚህ ሠፈር ሦስተኛ የሚመሳሰል ነገርም አለ። ከቆሼ አጠገብ በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነው፤ ከሱም በፊት በዚያው ስፍራ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሕክምና ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በግቢው ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሥርቷል፤ ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ለሕክምና ከየአገሩ የመጡ ብዙ ቤተ ሰቦች በዚያው ቀርተው ሠፈሩን አቅንተዋል። የሥጋ ደዌ ነርቮችን ያወፍራል፤ ከሚያወፍራቸውም አንዱ ከጆሮ ሥር በአንገት ጐን ሽቅብ የሚወጣው ነው። አንገት ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ነርቩ እንደ ገመድ ተገትሮ ይታያል። ይህን ገመድ መሰል ነገር «ንፍፊት ነው» ብሎ የሚቈርጥ ወይም የሚተኵስ ሰው ነርቩን ያጠፋል። የሥጋ ደዌም ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

እንግዲህ በአንድ ሠፈር፣ በአንድ ስፍራ በጆሮ ሥር፣ አራትና አምስት ነገር በአንድ መልክ ሊወጣ ይችላል። ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ ጊዜ ያስጠፋል፤ በጋለ ብረት መተኰስና በምላጭ መብጣት ግን ከጊዜ የሚበልጥ ያስከፍላል። የተበጣ የቲቢ ንፍፊት ለወራት የማይደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። የተበጣ የምራቅ ዕጢ በጉንጭ ላይ ምራቅ ያፈስሳል። ነርቩ ከተቈረጠ ደግሞ ፊቱ ይዘነብላል፤ ዐይኑ ስለማይከደን ይደርቃል፣ ይቈስላል፣ እስከ መታወርም ይደርሳል።

መለያው መንገድ ቀላል ነው። ሐኪሙ ወይም የፓቶሎጂ ባለሙያው በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ነገር ስቦ በመስተዋት ላይ ያሰራጭና በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ሕመሙ ከተራ መርፌ አይበልጥም። ለቲቢም ከዚያው ናሙና የተሐዋሲው ዘር በመሣሪያ ይፈለጋል። ሕዝባችን «ብረት ከነካው ይቈጣል፣ ይሰራጫል» ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከመርፌው ይልቅ ብዙ ሰው ጐድቷል፤ በቀጭን መርፌ መሳብ እብጠትን ማሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ነው። የምራቅ ዕጢ እብጠት መሆኑ ሲታወቅ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሊጨምርበት ይችላል።

ውጤቱ ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ ለሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ሁለት ዓይነት ይዋጣል። አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ንፍፊቱ ይበልጥ ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ይህ በአብዛኛው ሰውነት ከሞቱት ተሐዋስያን ጋር የሚያደርገው ትግል ነው፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለጤና ባለሙያው ያሳየው። በቀን ሠራተኝነት ወይም ከቆሻሻ ፕላስቲክና ብረት በመልቀም ለሚተዳደር ሰው ስድስት ወር መመላለስ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ለመኖሪያው ከሚቀርበው ጤና ጣቢያ እንዲወስድ ቢጠይቅ ይቀለዋል።

እብጠቱ የዕጢው ሲሆን ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ ፈልቅቆ አያወጣም፤ እንዲህ ቢደረግ የቀረው ፍርፋሪ ተመልሶ በብዙ ቦታ ይበቅላልና፣ ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ዕጢ ጋር አድርጎ ነርቩን እየጠበቀ ያወጣዋል። ካንሰር ከሆነ የጨረር ሕክምና ሊታከልበት ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፊት ለጥቂት ሳምንታት ሊደክም ይችላል፤ ነርቩ ሳይቈረጥ ከቀረ በአብዛኛው ይመለሳል። የጆሮው ጫፍ ለብዙ ወራት ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ጉትቻ የምታደርግ ሴት ጆሮዋ ሲቈስል ላይሰማት ስለሚችል በመስተዋት እያየች ታድርግ፤ ጢሙን የሚላጭ ወንድም እንዲሁ። አንዳንዶች ደግሞ ከዓመት በኋላ ምግብ ሲበሉ በቀዶ ጥገናው ወገን ጉንጫቸው ያልባቸዋል። ይህም የሚሆነው የምራቅ ነርቭ ጫፎች መንገድ ስተው ወደ ላብ ዕጢ ስለ ገቡ ነው፤ በሽታው ተመልሷል ማለት አይደለም።